የተጫረ የጀልባ ጄልኮት በግቢ ውስጥ ሲታደስ

ጀልባው ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ነጭ የፋይበርግላስ የሞተር ጀልባ ነው፤ ከባሕር ዳር እየተነሳ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የሚያመላልሰው ዓይነት። ጣና ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲጎድል ከዳር ያሉት ጥቁር ድንጋዮች ወደ ላይ ስለሚቀርቡ የፊቱን ሥር በልተውታል። ቀኝ ጎኑን ደግሞ የመዳረሻው ሲሚንቶ ከፊት እስከ ኋላ ሸንትሮታል። ሞተሩ በሚታሰርበት ጥግ ላይ ኮከብ የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። የቀረው ገጽ በፀሐይ ተቃጥሎ ኖራ ሆኗል፤ መዳፍ ሲያሳርፉበት ነጭ ዱቄት ይዞ ይነሳል።

ወሩ ጥር ነው። ለዚህ ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በክረምት እርጥበት ፖሊስተር፣ ማለትም የጀልባው የላይ ሽፋን የሆነው ጄልኮት የሚሠራበት ኬሚካል፣ ይዞ መታገል ልፋት ብቻ ነው። የጥር ችግሩ የሌሊቱ ብርድ ነው። ፖሊስተር ከ15 ዲግሪ በታች መጠንከር ስለሚያቅተው ጄልኮት የሚነካው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ለመጠንከሪያ የሚሆን ሙቀት ከፊቱ መኖር አለበት።

ከመጀመራችን በፊት፦ ጄልኮት ቀለም አይደለም። ጀልባው ሲሠራ መጀመሪያ ሻጋታው ላይ የሚረጨው እሱ ነው፤ ፋይበሩና እሱን የሚያጣብቀው ፈሳሽ ሬዚን ከጀርባው ይደረባሉ። ያ የሚያብረቀርቀው ገጽ እንግዲህ የሻጋታው ገጽ ግልባጭ ነው። ግቢ ውስጥ ሻጋታ የለም። የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢቀቡት ጄልኮት ወጣ ገባ ሆኖ ነው የሚደርቀው፤ ብርሃኑን የሚሰጠው ብርጭቆ ወረቀትና ኮምፓውንድ (የመወልወያ ቅባት) ነው። ውፍረቱ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች ነው።

ቅዳሜ፦ ማጠብ፣ ማየት፣ ምልክት ማድረግ

ጀልባው አሮጌ ጎማና ግንድ ላይ ተቀምጧል። ወደ ግራ ትንሽ እንዲያጋድል ተደርጓል፤ የተጎዳው ጎን ወደ ላይ በዞረ መጠን የሚሞላው ጄልኮት ወደ ታች አይፈስም።

ማጠቢያው ውሃና የልብስ ሳሙና ነው። ከታጠበ በኋላ አሴቶን በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ ሳይደርቅ ወዲያው በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማንሳት። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከተሠራ ሰሙና ዘይቱ ከቦታ ቦታ ይዞራል እንጂ አይወጣም። ይህ ብርጭቆ ወረቀት ከመነካቱ በፊት ማለቅ አለበት። ሰም ያለበት ገጽ ከታሸ ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ሙሌት ከወራት በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ውሃ ሲረጩበት ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከተንከባለለ ሰም አለ፤ ተዘርግቶ ካረጠበው ንጹሕ ነው።

ጭረቶቹን በሦስት ቀለም ጠመኔ ለይተናቸዋል።

አረንጓዴ፦ ውሃ ሲነካው የሚጠፋ፣ ጥፍር ሲያልፍበት የማይይዝ። ይህ ሙሌት አያስፈልገውም፣ በማሸትና በፖሊሽ ይወጣል። ከቀኝ ጎኑ ጭረት አብዛኛው ይኸው ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ጄልኮት ይለጥፍና ቀላሉን ሥራ ከባድ ያደርገዋል።

ቢጫ፦ ጥፍር የሚይዝ፣ ውስጡ ግን ገና ነጭ የሆነ። ተከፍቶ በጄልኮት ይሞላል።

ቀይ፦ ፋይበሩ የታየበት። ፊት ለፊት ከሥር ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቦታ አለ። ዙሪያውን በሳንቲም ጠርዝ መታ መታ ሲደረግ ድምፁ ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ደፈን ያለ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ንብርብሮቹ ተላቀዋል ማለት ነበርና ሥራው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ቀዩ ቦታ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ተለጥፎ ዙሪያው በማስኪንግ ቴፕ ታሽጎ አድሯል። ጠዋት ከፕላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ከታየ ፋይበሩ ውሃ ይዟል፣ ይጠበቃል። እርጥብ ፋይበር ላይ የተለጠፈ ሬዚን አይጣበቅም።

እሑድ፦ መክፈት

ፕላስቲኩ ሥር ትንሽ ጤዛ ነበረ። ቀዩ ቦታ ለፀሐይ ተትቶ ቢጫዎቹ ተጀምረዋል።

ቀጭን ጭረት እንዳለ ቢሞላ ጄልኮቱ ወደ ታች አይገባም፤ ከላይ ድልድይ ይሠራል፣ ከሥሩ አየር ይቀራል፣ ስታሹት ያ አየር ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጭረቱ ወደ ላይ የሰፋ ቦይ እስኪመስል ይከፈታል። ጫፉ በሞረድ የሾለ የተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ ለዚህ ከማንኛውም ማሽን ይሻላል። ግራይንደር አይነካም፦ አንድ ጊዜ ቢያመልጥ ግማሽ ሚሊ ሜትሩን ጨርሶ ፋይበር ውስጥ ይገባል። ከተከፈተ በኋላ የቦዩ ግድግዳ በታጠፈ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ጠርዙ በ180 ዝቅ ይላል። የሚያበራ ነጥብ ከቀረ እዚያ ቦታ ላይ አይያዝም።

የሞተሩ ጥግ ለየት ያለ ነው። ኮከብ መሳይ ስንጥቅ ወይ የምት ውጤት ነው ወይ ከሥሩ ያለው አካል እየታጠፈ ነው። እዚህ ማዕከሉ ያለው ቡሎኑ ላይ ስለሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከውስጥ ሲታይ ቡሎኑ የቆመው በትንሽ ሮንዴላ ብቻ ነው፤ የሞተሩ ግፊት በሙሉ አንዲት ሳንቲም በምታክል ቦታ ላይ አርፏል። ጄልኮቱ ቢጠገንና ይህ እንዳለ ቢተው ስንጥቁ በዚያው መስመር ይመለሳል። መፍትሔው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ሳህን ከውስጥ ማስደገፍና ቡሎኑን በባሕር ሲሊኮን አሽጎ መልሶ ማጥበቅ ነው። ሲሊኮኑ ግን ጄልኮቱ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው የሚገባው፤ ቅሪቱ የነካው ገጽ ጄልኮት አይቀበልም።

ሰኞ፦ ቀዩ ቦታ

ደርቋል። ጥልቀቱ በመሃሉ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው በ80 ቁጥር ተዳፋት እንዲሆን ታሽቷል፣ የተዳፋቱ ስፋት የጥልቀቱ 12 እጥፍ፣ ማለትም በየአቅጣጫው 24 ሚሊ ሜትር ያህል። ለትንሽ ቀዳዳ ይህን ያህል ማስፋት የሚያሳዝን ቢመስልም ጥገናውን የሚይዘው የተዳፋቱ ስፋት ነው፣ የቀዳዳው ጥልቀት አይደለም።

ፋይበሩ 450 ግራም በካሬ ሜትር የሆነው ከተቆራረጠ የመስታወት ክር የተሠራ ምንጣፍ ነው። አንዱ ንብርብር ከሬዚኑ ጋር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል። እዚህ የተደረበው አንድና ተኩል ያህል ነው፦ አንዱ ተዳፋቱን የሚሸፍን፣ ሌላው ተበጥሶ የሳሳና መሃሉን ብቻ የሚይዝ። ትልቁ ቀድሞ፣ ትንሹ ከላይ። ለጄልኮቱ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥልቀት መቅረት አለበት፤ ፋይበሩ ከገጹ ጋር እኩል ከሆነ ስታሹት መልሶ ይወጣል።

ሬዚኑ የፋይበሩን ክብደት ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በብሩሽ መቀባት ሳይሆን መታ መታ ማድረግ፦ ነጩ ምንጣፍ እየጠፋ ሲሄድና ከሥሩ ያለው ሲታይ ጠግቧል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ አየር ነው።

የጋራዥ ስቱኮ እዚህ ቦታ አይገባም። መኪና ላይ ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለው ታልክ የተባለ ዱቄት ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከውሃ መስመር በታች ከገባ ጄልኮቱን ከሥር ያነሳዋል። ኤፖክሲም (ሌላ ዓይነት ሬዚን) ቢሆን ከፖሊስተር ሬዚን ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ሆኖም በደንብ ሳይጠነክርና ላዩ ሳይታጠብ ከቀረ የፖሊስተር ጄልኮት ከላዩ ጠንክሮ አይቀመጥም። ላዩ ጄልኮት ለሚሆን ጥገና ከሥሩም ፖሊስተር ማድረጉ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ማክሰኞ፦ ነጩን ማዛመድ

የቆርቆሮው ነጭ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ የጀልባው ነጭ ዕድሜ ጠግቦ ወደ ክሬም ሄዷል። ከኖራው ገጽ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ መጨረሻ ላይ ኮምፓውንድ ሲነካው መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ መዳፍ የሚያክል ቦታ ቀድሞ በኮምፓውንድ ተወልውሏል፣ የሚወዳደረውም ከዚያ ጋር ነው።

100 ግራም ጄልኮት ውስጥ ቢጫ የፖሊስተር ፒግመንት በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ፣ ከዚያ ከቡናማው ከዚያም ያነሰ። ጥቁር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ቢበዛ የእንጨቱ ጫፍ የነካውን ያህል፤ ከገባ አይወጣም። የሚጨመረው ሁሉ በሚዛን ይመዘገባል፤ ጥገናው መሃል ላይ ቢያልቅ ያንኑ ነጭ በትዝታ ማግኘት አይቻልም። የዘይት ቀለም ወይም የግድግዳ ፒግመንት መጨመር ጄልኮቱ ጨርሶ እንዳይጠነክር ሊያደርግ ይችላል።

የሙከራው ጠብታ ሃርድነር (ጄልኮቱን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ተጨምሮበት፣ ተወልውሎ በተዘጋጀው ቦታ ጠርዝ፣ ማስኪንግ ቴፕ ላይ ተቀምጧል። እርጥቡን ዓይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ሲደርቅ ትንሽ ይለወጣል። የሚታየውም በጥላ እንጂ በቀትር ፀሐይ አይደለም።

ጄልኮት ስትገዙ የጀልባ ወይም የገንዳ ደረጃ፣ አይሶ ኤንፒጂ የሚባለውን የፖሊስተር ዓይነት ጠይቁ። ተራው ኦርቶ ርካሽ ነው፣ ከውሃ መስመር በታች ግን ውሃ አይችልም። የተመረተበትን ቀንም እዩ፦ ፖሊስተር በሙቀት መጋዘን ውስጥ በወራት ውስጥ በቆርቆሮው መወፈር ይጀምራል።

ረቡዕ፦ መሙላት

ዋናው ቀን ይህ ነው፣ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ነው።

የሃርድነሩ መጠን ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለእኛ ቀን 1.8 በመቶ ተመርጧል። 50 ግራም ጄልኮት ከሆነ 0.9 ግራም ሃርድነር፣ በሲሪንጅ 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ። በጠብታ መቁጠር አያዋጣም፣ የጠብታ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ለዘለዓለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። "ቶሎ እንዲደርቅ" ተብሎ ከ3 በመቶ ካለፈ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል፣ ነጩም ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ቀኑ ቀዝቀዝ ካለ ማሞቅ ያለበት ገጹ ነው እንጂ ሃርድነሩን መጨመር አይደለም።

መቀላቀያው የወረቀት ኩባያ ነው። የፎም ኩባያ በጄልኮቱ ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባለው አሟሚ ፈሳሽ ይሟሟል፣ ድብልቁም ይበላሻል። አንድ ደቂቃ ተኩል ቀስ ብሎ፣ ጎንና ታቹን እየጠረጉ ማማሰል። በኃይል ከተመታ አየር ይገባል። ከ50 ግራም በላይ በአንድ ጊዜ አይቀላቀልም፦ ድብልቁ በኩባያው ውስጥ እንደተከማቸ ራሱን ያሞቃል፤ ብዙ ሆኖ ከቀረ ኩባያውን እስከ ማጨስ ይደርሳል።

ለመሥራት ያለው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ጄልኮቱ በቀጭን ስፓቱላ መጀመሪያ ቦዩን አቋርጦ ይገፋል፣ አየሩን ለማስወጣት፤ ቀጥሎ በቦዩ ርዝመት ይሳባል። ከገጹ በላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተዋል። ፖሊስተር ሲጠነክር ስለሚሰበሰብ እኩል ተደርጎ የተተወ ሙሌት ነገ ጎድጉዶ ይገኛል። ስፓቱላው ላይ ያለው ጄልኮት ሲሳብ ክር ማውጣት ከጀመረ፣ ወይም እንደ እርጎ መቆራረስ ካሳየ ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ የሚነካካው ሁሉ ይቀደዳል።

ተራ ጄልኮት አየር በነካው በኩል ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ይፈለጋል፣ የሚቀጥለው ንብርብር እንዲይዝ። ለጥገና ግን አየሩ መከልከል አለበት። ሁለት መንገድ አለ፦ ላዩን በግልጽ የፖሊስተር ፕላስቲክ ሸፍኖ ጠርዙን በቴፕ ማሸግ፣ ወይም በስታይሪን የተሟሟ ሰም ከመለያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ መጨመር። ለቦዮቹ ፕላስቲኩ ይበልጣል፤ ሲላጥ ገጹን አለስልሶ ስለሚተወው የማሸቱ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። የፊቱ ቀይ ቦታ ጎባጣ ስለሆነና ፕላስቲኩ ስለሚጨማደድ እዚያ ሰሙ ገብቷል። ሰም ያለበት ንብርብር ላይ ሌላ መደረብ ካስፈለገ ሰሙ መታሸት አለበት፤ እንዳለ አይደረብም።

ቀጭን አድርጎ መቀባትም ያሳስታል። ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ንብርብር ስታይሪኑ ቀድሞ ስለሚተን በደንብ አይጠነክርም። ከላዩ ሁለተኛ ሲደረብበት ከሥር ያለውን ያላሽቀዋል፣ ገጹም እንደ አዞ ቆዳ ይሸበሸባል። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር ደግሞ ይሰነጠቃል።

በጥላ ሥራ ነው። በጣና ከፍታ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ የቀትር ፀሐይ ነጭ ገጽን እንኳ እጅ የማያስነካ ያደርገዋል፤ እዚያ ላይ የተቀባ ጄልኮት በደቂቃ ይይዝና በአረፋ ይሞላል።

ሃርድነሩን በሚመለከት ቸልታ የለም። ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ይደረጋል፣ ቢደርስ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ሬዚኑ ኮባልት (መጠንከሩን የሚያፋጥነው) ተለይቶ የሚጨመርበት ከሆነ ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ እንዳይገናኙ፣ ይፈነዳል። ስታይሪንና አሴቶን ደግሞ ከእሳት ይርቃሉ፤ ቡና የሚፈላበት ግቢ ከሆነ ከሰሉ ወደ ሌላ ጎን ይሂድ።

ሐሙስ፦ ማሸት

በመጀመሪያ ጥጥ በአሴቶን ነክሮ በሙሌቱ ላይ ማሳለፍ። ጥጡ ነጭ ከያዘ ወይም ገጹ ከተለጠፈ አልጠነከረም፣ ቀኑን ሙሉ ቢጠበቅ ይሻላል። ከቦዮቹ ሁሉ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ለስላሳ ሆነው ተገኝተዋል፦ ከሰዓት በኋላ የተሞሉትና ብርዱ የቀደማቸው ናቸው። ቀን በጋለ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተደግፎባቸው እስከ ማታ ጠንክረዋል።

ትርፉ የሚነሳው በጠፍጣፋ እንጨት በተጠቀለለ 220 ነው። በጣት ማሸት የተከለከለ ነው፤ ጣት ለስላሳውን ያሳድዳል፣ ጠንካራውን ይዘላል፣ ውጤቱም በብርሃን ብቻ የሚታይ ሞገድ ነው። ሙሌቱ ወደ ገጹ ሲቃረብ ዙሪያው በእርሳስ ይሰመራል፤ የእርሳሱ መስመር መጥፋት ሲጀምር 220ው ይቆማል። ከዚያ በውሃ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ በመጨረሻ 1500። በየቁጥሩ አቅጣጫ ይቀየራል፦ አንዱ አግድም ከሆነ ቀጣዩ ሰያፍ፣ የቀደመው ጭረት ጨርሶ እንደጠፋ የሚታወቀው እንዲህ ነው። አንድ ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ በ400 የቀረ ጭረት ግን በኮምፓውንድ አይወጣም፣ ፖሊሽ ከተደረገ በኋላ ጎልቶ ይታይና ወደ ኋላ ይመልሳል። በየቁጥሩ ባልዲው ይታጠባል፣ ውሃውም ይቀየራል፤ አንዲት የ220 ቅንጣት 1000 ቁጥር ሥር ከገባች ብቻዋን ጭረት ታወጣለች።

የጀልባው ገጽ መልኩ ወደ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ማድላት ከጀመረ ጄልኮቱ እያለቀ ፋይበሩ እየቀረበ ነው፤ እዚያው ማቆም። በተለይ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ጄልኮቱ ከመጀመሪያውም የሳሳ ነው።

ከ600 በኋላ ጥቂት የመርፌ ቀዳዳዎች ብቅ ብለዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ የመርፌ ጫፍ ገብቶ ሰፋ ተደርጎ፣ በአሴቶን ተጠርጎ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጄልኮት ተጨምሮ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ሳይከፈት ከላይ ብቻ የተቀባ ቀዳዳ ነገም ቀዳዳ ነው።

የማሸቱ ጭቃ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ከሥር ሸራ ተነጥፏል፤ ሲደርቅ ተጠርጎ በከረጢት ይጣላል። ደረቁን ስታሹ የአቧራ ማስክ፣ ጄልኮት ስትይዙ ግን የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ። ተራው የጨርቅ ማስክ ለስታይሪን ምንም አያግደውም።

ሙሉውን ጎን በቀለም ሽጉጥ መርጨት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ቢያንስ የ2 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ይፈልጋል። የሚያቀጥነው ነገር ግን ስታይሪን እንጂ አሴቶን ወይም ቲነር አይደለም፣ እነዚህ ተይዘው ይቀሩና ገጹን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርጉታል። ከተረጨ በኋላ ጎኑ በሙሉ ከ320 እስከ 1500 በእጅ መታሸት አለበት። ጭረቱ የተወሰነ ቦታ ላይ ከሆነ አይመከርም።

ቅዳሜ፦ ኮምፓውንድና ሰም

ዓርብ ሳይነካ ውሏል፤ ሙሌቱ ገና እየተሰበሰበ ስለሆነ በቆየ ቁጥር ይጠቅማል። ጠዋት ሁለት ቦታዎች በጣት ሲዳሰሱ ትንሽ ዝቅ ብለዋል፤ ከውሃ መስመር በታች ስለሆኑ ተትተዋል፣ ዓይን የማይደርስበት ነው።

ፖሊሸሩ በበግ ጠጉር ፓድ፣ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር በደቂቃ። ኮምፓውንዱ ገጹ ላይ እንጂ ፓዱ ላይ አይደረግም፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየተሠራ ይሄዳል። ማሽኑ አንድ ቦታ ከቆመ ገጹን ያቃጥላል፤ በእጅ ሲነኩት ሞቅ ካለ ማለፍ ነው። ፓዱ በደረቀ ኮምፓውንድ ከተደፈነ በደረቅ ብሩሽ ይበጠራል፣ አለበለዚያ መልሶ መጫር ይጀምራል። አረንጓዴ ምልክት የነበራቸው ጭረቶች በ1000፣ በ1500ና በኮምፓውንድ ብቻ ወጥተዋል። ሙሉው ጎን ኖራውን ጥሎ ነጩ ሲመለስ የማክሰኞው ቀለም ትንሽ ክሬም እንደበዛበት ታይቷል፣ የሚታወቀው ግን ከአንድ ሜትር ቀርቦ ለሚያይ ነው።

ሰሙ የካርናውባ ሲሆን ሁለት ጊዜ በእጅ ይቀባል፣ በመካከላቸው ጥቂት ሰዓት። ጄልኮትን ከጣና ፀሐይ የሚያድነው ሰሙ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ካልታደሰ ኖራው ተመልሶ ይመጣል። በጎኑ የሚንጠለጠለው የመኪና ጎማም በሸራ ይሸፈን፤ ጥቁሩ ጎማ ውስጥ የተያዘ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ወደ ውሃ የሚገባው ከሳምንት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ በሙሉ ጉልበት ከተሄደ በኋላ የሞተሩ ጥግ ይታይ፤ ጄልኮቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከወጣ ከውስጥ የተደገፈው ሳህን አልበቃም፣ ሰፋ ባለ ሌላ ሳህን ተተክቶ ቡሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ።